ኦክሲን ወደ ታች የሚወርደው በመሬት ስበት ነው ወይ?

መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ዕፅዋት ሆርሞኖች ሳስረዳ፣ ኦክሲን ከግንዱ ጫፍ መንጭቶ ወደ ታች እንደሚወርድ ተናገርኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ግንዱን ዘቅዝቀን ብንሰቅለው ኦክሲኑ ወደ ጫፉ ይመለሳል?» አለችኝ። በችኮላ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። የሚያወርደው የመሬት ስበት ነው? ወይስ ከቅጠል ከሚወርደው ስኳር ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሄደው? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ችግኝ አፍይ፣ ከባቱ

መምህርት፣ ተማሪዋን ያመስግኑልኝ። አይመለስም። ግንዱ ቢዘቀዘቅም ኦክሲኑ ወደ ቀድሞው የስር አቅጣጫ፣ አሁን ግን ሽቅብ፣ መጓዙን ይቀጥላል።

እኔ የምሠራው ወይንና ጽጌረዳ በቁርጥራጭ በሚባዛበት ችግኝ ጣቢያ ነው። ቁርጥራጩን ስናዘጋጅ አንዱን ጫፍ ቀጥ፣ ሌላውን ሰያፍ አድርገን የምንቆርጠው ላይና ታቹ እንዳይምታታ ነው፤ እንጨቱ የትኛው ጫፉ ታች እንደነበረ አይረሳምና። ጀርመናዊው ሄርማን ፎሽቲንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ባሳተመው ጥናት የአኻያ ቁርጥራጮችን እርጥበት ባለው ዕቃ ውስጥ ዘቅዝቆ ሰቅሏል። ስሩ በብዛት የወጣው ቀድሞ ታች ከነበረው፣ አሁን ግን ወደ ላይ ከዞረው ጫፍ ነው።

ምክንያቱ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ነው። ዋናው ኦክሲን ኢንዶል አሴቲክ አሲድ የሚባል ደካማ አሲድ ነው። በሴሉ ግድግዳ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) ወደ 5.5፣ ከሴሉ ውስጥ ያለው ግን ወደ 7 ይጠጋል። ውጭ ሳለ የተወሰነው ኦክሲን ሃይድሮጂኑን እንደያዘ ይቆያል፤ ቻርጅ ስለሌለው የሴሉን ሽፋን በራሱ አልፎ ይገባል። የቀረውን ደግሞ የሚያስገቡ ፕሮቲኖች አሉ። ከገባ በኋላ ግን ሃይድሮጂኑን ያጣል፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ሽፋኑም አያሳልፈውም። እዚያው ይታሰራል። የሚያስወጡት በዋናነት ፒን የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ እነዚህ በሮች በግንዱ ሴሎች ውስጥ የሚገኙት በብዛት በስር በኩል ባለው ወገን ነው። ስለዚህ ከየትም ይግባ፣ የሚወጣው በአንድ ወገን ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የግኝቱ ቅደም ተከተል ነው። ተመራማሪዎቹ ሩበሪና ሼልድሬክ በ1974፣ ሬቨን ደግሞ በ1975 በአሲድነት ልዩነት ላይ ተመሥርተው እንዲህ ያለ መውጫ በአንድ ወገን መኖር አለበት ብለው ነበር። ከፒኖቹ አንዱ የሆነው ፒን 1 አራቢዶፕሲስ በተባለ የምርምር ተክል ውስጥ በቦታው የታየው በ1998 ነው። ይህ ፕሮቲን የጎደለው ተክል አበባ አልባ የሆነ ባዶ ዘንግ ያወጣል።

ስኳሩን በተመለከተ፣ ከጎለመሱ ቅጠሎች የሚወጣ ኦክሲን ፍሎዌም በተባለው ምግብ አመላላሽ ቧንቧ በኩል ከስኳር ጋር ይጓዛል፤ ያ መንገድ ፈጣን ነው። ከሴል ወደ ሴል የሚተላለፈው ግን በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው።

የቡና ባለሙያ፣ ከጅማ

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። ያረጀ ቡና ስንጎነድል ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ እንቆርጣለን፤ ከጉቶው ላይ ተኝተው የኖሩ እምቡጦች ያቆጠቁጣሉ። የሚያፍናቸው ከጫፉ የሚወርደው ኦክሲን ነው ተብለን ተምረናል። በሩ በታች በኩል ብቻ ከሆነ፣ ኦክሲኑ ወደ ጎን ታጥፎ እምቡጡ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ችግኝ አፍይ፣ ከባቱ

አይገባም! የብዙዎችን እንቅልፍ የነሳ ጥያቄ ነው ያነሱት። ተመራማሪዎቹ ቲማንና ስኩግ በ1930ዎቹ የባቄላ ጫፍ ቆርጠው በቦታው ኦክሲን ሲያኖሩ የጎን እምቡጦቹ እንደተኙ ቀሩ፤ ማፈኑ በዚህ ታወቀ። እንዴት እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

እምቡጡ ለማደግ የራሱን ኦክሲን ወደ ዋናው ግንድ ማስወጣት አለበት። ግንዱ ከላይ በመጣው ከተሞላ አይቀበለውም። ሲጎነደል ግንዱ ባዶ ይሆናል፤ የእምቡጡ ኦክሲን መፍሰስ ይጀምራል፤ በፈሰሰበት መስመር ላይ ፒኖቹ ይበረክታሉ፤ መስመሩም ውሎ አድሮ ውሃና ምግብ አመላላሽ ቧንቧ ይሆናል። የኢየሩሳሌሙ ትስቪ ሳክስ ያቀረበው ሐሳብ መሠረቱ ይህ ነው። በተጨማሪም ኦክሲን በግንዱ ውስጥ ሳይቶካይኒን የተባለውን፣ እምቡጥ የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ይቀንሳል።

ብቻውን ግን አይበቃም። በ2014 በአተር ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከተቆረጠው ቦታ የራቁት እምቡጦች የኦክሲኑ መቀነስ ሳይደርሳቸው ማደግ ይጀምራሉ። ቀድሞ የሚደርሳቸው ጫፉ ይወስደው የነበረው ስኳር ነው። ስለዚህ «ኦክሲን ሲጠፋ እምቡጥ ይነቃል» ብሎ ማቆም ለገበሬውም ለተማሪውም ጎደሎ ትምህርት ነው።

መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ታዲያ ችግኙን በጎኑ ስናጋድመው ስሩ ቁልቁል፣ ግንዱ ሽቅብ የሚታጠፈው ለምንድን ነው? ስበት ሥራ ከሌለው?

ችግኝ አፍይ፣ ከባቱ

ሥራ አለው፤ ኦክሲኑን አይጎትትም እንጂ። በስሩ ጫፍ ባሉ ሴሎች ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ። ስሩ ሲጋደም ወደ አዲሱ ታች ይዘቅጣሉ፤ ፒን 3 የተባለው ፕሮቲን ወደዚያው ወገን ይዛወራል፤ ኦክሲኑም በታችኛው ጎን ይበዛል። በስር ላይ የበዛ ኦክሲን መርዘምን ስለሚገታ ላይኛው ጎን በርዝመት ይቀድማል፣ ስሩም ቁልቁል ይታጠፋል። በግንድ ደግሞ ኦክሲን የሚበዛበት ታችኛው ጎን ስለሚፈጥን ሽቅብ ይቀናል።

ለክፍልዎ ባቄላ ይበቃል። የበቀሉትን በሦስት ይክፈሏቸው፦ አንዱን እንዳለ ይተዉት፣ የሁለተኛውን ጫፍ ይቁረጡ፣ ሦስተኛውን ከነጣሳው ጨለማ ውስጥ ያጋድሙት፤ በጨለማ ይሁን፣ አለበለዚያ ግንዱ የታጠፈው ለብርሃን ይሁን ለስበት መለየት አይቻልም። ያችን ተማሪ ደግሞ የአኻያውን ሙከራ ያሠሯት። ከወንዝ ዳር የተቆረጠ የአኻያ ቅርንጫፍ፣ እርጥብ ጨርቅና ክዳን ያለው ዕቃ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።