ሙታን ጊዜ ይታወቃቸዋል ወይ?

ሄርማታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ለቅሶ ቤት ሁሌ የሚነሳ ክርክር ነው። ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ጊዜ ይታወቃታል? ካልታወቃት 40 እና 80 ለምን እንቆጥራለን?

የቅኔው፦ ራእይ 6፥9-11ን እይ። ከመሠዊያው በታች ያሉት ነፍሳት «እስከ መቼ» ብለው ይጮኻሉ፤ ጥቂት ዘመን እንዲያርፉ ይነገራቸዋል። «እስከ መቼ» የሚል እየጠበቀ ነው፤ የሚጠብቅ ደግሞ በፊትና በኋላ አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ራእይ 10፥6 ላይ ነው፤ «ጊዜ የሚባል ቀረ» ብለው ይተረጉሙታል። የግሪኩ ቃል ክሮኖስ (ጊዜ) ነው፣ 6፥11 ላይ ያለው ራሱ። ሐሳቡ ግን «ከእንግዲህ መዘግየት የለም» ነው፤ ቀጣዩን ቁጥር ብታነብ ይገባሃል።

አባ ጅረን፦ አድቬንቲስቶች መክብብ 9፥5ን ይዘው ሙታን አንቀላፍተዋል ይላሉ። ለተኛ ሰው ሺህ ዓመትም እንደ ጥቅሻ ነው፣ ስለዚህ ለእነሱ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ደግሞ ቆይታን ሦስት ቦታ ከፈለው፦ ዘላለም ለእግዚአብሔር፣ ጊዜ ለሚለዋወጥ ነገር፣ በመካከል «ኤቩም» ለመላእክት።

የቅኔው፦ 3፣ 7፣ 12፣ 30፣ 40፣ 80፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት የሚቆጠረው በእኛ ቀን ነው፤ ጸሎቱን የምናደርሰው እኛ ነና። ለፍትሐት ስም ስትሰጥ የክርስትና ስሙን ስጥ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። መንፈቁ ጳጉሜን የሚያቋርጥ ከሆነ ደግሞ 180 ብለህ አትቁጠር፣ 5 ወይም 6 ቀን ትስታለህ።