የዕቅድ ውይይት፦ አናቶሚ እስከ ኢንተርንሽፕ ይዝለቅ

ጸሐፊ፦ ለሚኒስቴር የምንልከው ረቂቅ ዓርብ ይገባል። የተስማማነው አናቶሚ (የሰውነት አካላት አሠራርና አቀማመጥ ትምህርት) በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተሸምድዶ እንዳይቀር፣ ተማሪው ቀዶ ሕክምናና ማህፀንና ጽንስ ሲዞርም በሳምንት ሁለት ሰዓት ወደ አስከሬን ክፍሉ እንዲመለስ ነው።

አባል 3፦ ባለፈው ሳምንት አንድ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) የደረት ቱቦ ሊያስገባ ሲል ቢላውን በጎድን አጥንቱ ታችኛው ጠርዝ ሲያስጠጋ እጁን ያዝኩት። ነርቩና የደም ሥሮቹ እዚያው ሥር እንደሚያልፉ ተፈትኖ ኤ ያገኘ ልጅ ነው።

አባል 11፦ ዩሬተር (ሽንት ከኩላሊት የሚያወርደው ቱቦ) ከዩተራይን አርተሪ (ከማህፀን ደም ወሳጅ) በታች ማለፉንም እንዲሁ በቃላቸው ይወጡታል፤ ማህፀን ሲወጣ አሳዩኝ ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ።

አባል 8፦ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ርእሱ ላይ ባለው «ውህደት» ግን አልፈርምም። የተዋሐደ ነገር ተለይቶ አይታወቅም፤ ዲፓርትመንታችን በጀቱንና የመምህር መደቡን ይዞ እንዲቀልጥ በገዛ እጃችን እየጠየቅን ነው። «ቅንጅት» ይባል።

አባል 5፦ «ቅንጅት» ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንደሚያስታውስ እያወቁ ሚኒስቴር ሊልኩት ነው?

አባል 8፦ «ውህደት»ስ ከ2012 ወዲህ አያስታውስም?

አባል 3፦ በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት ዲግሪ ላላቸው ተማሪዎች የተጀመረው ካሪኩለም ትምህርቱን አዋህዶ ነበር የተነሣው፤ በቃሉ የተደናገጠ አላስታውስም። ሦስት ቀን በአንድ ቃል አለቀ።

አባል 8፦ የፎርማሊን (የአስከሬን ማቆያ ኬሚካል) ግዢ ጥያቄ ተመልሶበት የማያውቅ ሰው ቃል ቢንቅ አይገርመኝም።

አባል 3፦ እኔም ማታ ማታ ያለ ክፍያ ሳስተምር እርስዎን አላየሁም።

አባል 3፦ ይቅርታ፤ ከዲዩቲ ወጥቼ ሳልተኛ የጻፍኩት ነው።

አባል 8፦ ምንም አይደለም። ፎርማሊኑ ግን እውነት ነው፤ የእኛ ክፍል ማራገቢያ ከቆመ ሁለተኛ ሴሚስተሩ ነው፣ ልጆቹ ዓይናቸውን እያበሱ ነው የሚሠሩት።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው የአየር ማስወጫው በረቂቁ ይግባ። ሳምንታዊው ሁለት ሰዓት በማን ትርፍ ሰዓት እንደሚከፈልም ካልተጻፈ፣ የክሊኒክ መምህራን እንደማይመጡ ከወዲሁ ይታወቅ።

አባል 5፦ ከማራገቢያው ጋር የአስከሬን ማቀዝቀዣም ይጨመር፤ በየዓመቱ አንጠይቅም።

ጸሐፊ፦ የክሊኒክ ዓመታቱን ሰንጠረዥ እሠራለሁ ያሉት አባል 6 ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፃቸው ጠፍቷል። የሚተካቸው አለ?

ጸሐፊ፦ የለም ማለት ነው። ርእሱን «የአናቶሚ ላቦራቶሪዎችን አቅም ስለማጠናከርና የመምህራን የትርፍ ሰዓት ክፍያ» ብዬዋለሁ፤ የተጣላንበት ቃል ወጥቷል።

አባል 8፦ በዚህ እፈርማለሁ።

አባል 3፦ ተማሪው በአራተኛ ዓመት ወደ አስከሬን ክፍሉ ይመለስ ያልነው የቱ ገጽ ላይ ነው?

ጸሐፊ፦ አባሪ 2 ላይ ይገባል፤ ሰንጠረዡ ከአባል 6 ሲደርሰኝ።