የ24 ወር የዳታ ውል ሳይሞላ ማቋረጥ፦ ቅጣቱ እንዴት ይሰላል?

የሽምብጥ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ለቢሮ የተያዘ የድህረ ክፍያ የሞባይል ዳታ ውል አለ። 24 ወር ነው፤ በወር 1,200 ብር ከነቫቱ፣ ከፎርጂ ራውተር ጋር። 15 ወሩ ተከፍሏል፣ 9 ወር ይቀራል። ቢሮው ባሕር ዳር ካለው ሽምብጥ ሰፈር ጣና ዳር ወዳለው ዘጌ ሊዛወር ነው። ውሉ ላይ «ደንበኛው ጊዜው ሳይደርስ ካቋረጠ የቀሪ ወራት ኪራይ 50 በመቶ እና የዕቃውን ቀሪ ቅናሽ ይከፍላል» ይላል። ራውተሩ 7,200 ብር ተተምኖ 2,400 ብቻ ነው የተከፈለበት፤ 4,800 ብር ቅናሽ በ24 ወር ይካፈላል። ማስታወቂያ 30 ቀን። በስልክ ሲጠየቁ ግን «የቀረውን ሁሉ ይከፍላሉ» ነው መልሳቸው። ትክክለኛው ስንት ነው? ዘጌ ላይ ኔትወርኩ ካልሠራስ ያለ ቅጣት መውጣት ይቻላል?
እህታችሁ።

ሰባታሚት

በስልክ የተባለውን ይተዉት፤ የሚያስገድደው የተፈረመበት ወረቀት ነው። «የቀረውን ሁሉ» ማለት 9 በ1,200 ሲባዛ 10,800 ብር ነው። ውልዎ ግን ይህን አይልም።

ማስታወቂያው 30 ቀን ስለሆነ ዛሬ ቢያስገቡ ሊቋረጥ የሚችለው ከወር በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ 1,200 ይከፍላሉ፤ ቅጣቱ የሚሰላው በቀሪው 8 ወር ላይ ነው። ከኪራዩ ግማሽ 600 ሲባዛ በ8፣ 4,800። የራውተሩ ቅናሽ በወር 200 ስለሚመጣ በ8 ወር 1,600። ከማስታወቂያው ወር 1,200 ጋር ድምሩ 7,600 ብር። 9 ወሩን ሙሉ ቀጥተውዎት ከዚያም የማስታወቂያውን ወር ኪራይ ከጨመሩበት አንዱን ወር ሁለት ጊዜ አስከፍለዋል ማለት ነው፤ የሒሳብ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅጣቱ ላይ ቫት እንደገና ተደምሮ እንደሆነም እዚያው ይታያል።

ከማቋረጥዎ በፊት ግን ሌላ ነገር ይመልከቱ፦ ጥቅሉን ዝቅ ማድረግ። ለምሳሌ በወር 450 ብር የሚሆን ትንሽ ጥቅል ካላቸው 9 ወሩን በእሱ መጨረስ 4,050 ብር ነው፤ ባይጠቀሙበት እንኳ ከ7,600 ይሻላል። ወጥመዱ ያለው የለውጥ ቅጹ ላይ ነው። «ጥቅል መቀየር» ብለው አዲስ ውል ካስፈረሙዎ 24 ወሩ ከዜሮ ይጀምራል። ቅጹ ላይ የነባሩ ውል ማብቂያ ቀን እንዳለ መቀጠሉ ካልተጻፈ አይፈርሙ።

ሦስተኛው መንገድ ስም ማዛወር ነው። ሽምብጥ ላይ የሚቀር ጎረቤት ሱቅ ቀሪውን ወር ከወሰደ አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት የለም፤ ያለው የዝውውር ክፍያ ነው። ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ በአካል ትቀርባላችሁ፣ የቆየ ሒሳብ ይዘጋል፣ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል። ውሉ በድርጅት ስም ከሆነ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ማህተም ይያዙ። ተወካይ የሚልኩ ከሆነ ውክልናው ላይ «ውል ማቋረጥና ማዛወር» የሚል ቃል በግልጽ ይኑር፤ «ጉዳዬን እንዲከታተል» የሚለው ብዙ ጊዜ ያስመልሳል።

ጭስ ዓባይ 058

እህቴ፣ የኔትወርኩ ነገር ላይ ልጨምር። ውሉ ላይ የአገልግሎት አድራሻ ተብሎ የተጻፈውን እዪ። ሽምብጥ ከሆነና ራውተሩን ዘጌ ወስደሽ «አይሠራም» ብትዪ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል፤ ቃል የገቡት ለሽምብጥ ነው። አድራሻ ሳይገልጽ «ሽፋን ባለበት ሁሉ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሽፋን የሌለበትን ቦታ አስቀድሞ አውጥቶታል። በዚህ በኩል በቀላሉ የሚወጣ ሰው ያው ባሕር ዳር ውስጥ፣ በውሉ አድራሻ ላይ፣ አገልግሎቱ የተበላሸበት ሰው ነው።

ግን ሳይለኩ መወሰንም ልክ አይደለም። የዚያኑ ድርጅት ቅድመ ክፍያ ሲም ስልክ ውስጥ አስገብተሽ አዲሱ ቢሮ ውስጥ ለኪው። ስልኩ ቅንብር ውስጥ «የሲም ሁኔታ» የሚለው ላይ የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይወጣል። ፎርጂ ላይ ከ−90 የተሻለ ከሆነ (−85፣ −80) ምንም ችግር የለም። −110 አካባቢ ይንቀራፈፋል፣ ከ−115 በታች ይቆራረጣል። ዘጌ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የቡናውና የትልልቁ ዛፍ ቅጠል፣ በተለይ ክረምት ሲረጥብ፣ ሲግናል ይበላል። ሐይቁ ዳር ፊቱ ክፍት የሆነ ክፍልና ጫካው ውስጥ ያለ ክፍል ብዙ ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ መስኮት አጠገብም መሀል ክፍልም ለኪ፤ ቀንም ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓትም። ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ማታ ብቻ ፍጥነቱ ከወደቀ የተጠቃሚ መብዛት ነው፤ አንቴና ብትጨምሪም አይድንም።

ሌላው፣ አንዳንድ የውል ሲም ከራውተሩ መለያ ቁጥር ጋር ይታሰራል። ሌላ መሣሪያ ውስጥ አልሠራ ካለ ተበላሽቶ አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ

አመሰግናለሁ። አድራሻው ሽምብጥ ነው የሚለው። ሲሙን አውጥቶ ክፍያውን ማቆምስ? እንደዚያ አድርጉ የሚሉ አሉ።

ጉዳይ ገዳይ

በፍጹም። አለመክፈል ውል አያቋርጥም። መስመሩ ይዘጋል፣ ኪራዩ ግን ወር በወር ይቆጠራል፤ ከዚያ ቅጣቱ፣ ከዚያ በስምዎ ሌላ አገልግሎት ሲጠይቁ ዕዳው ይመጣል። ገንዘብ የሚፈሰው በብዛት በዚህ ነው፤ ቅጣቱ ቢያንስ ልኩ ይታወቃል።

ማቋረጫውን በደብዳቤ፣ በሁለት ኮፒ ያስገቡ። የውል ቁጥር፣ የአገልግሎት ቁጥር፣ የሚቋረጥበት ቀን ይኑረው። የእርስዎ ኮፒ ላይ የገቢ ማህተም፣ ቀንና ፊርማ ያስደርጉ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማህተም ነው፤ በስልክ የተነገረ አይቆጠርም። አሁን ወቅቱ ላይ ይጠንቀቁ፦ ነሐሴ 10 የገባ ማስታወቂያ 30 ቀኑ የሚሞላው ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን መስከረም 5 ነው፣ መስከረም 10 አይደለም። ሒሳቡ የሚዘጋው ደግሞ በፈረንጅ ወር ከሆነ ጥቂት ቀን አልፎ የአዲስ ወር ኪራይ ሙሉውን ሊጽፍ ይችላል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ።

ስለ ሕጉ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ተዋዋዮች ቅጣት አስቀድመው መወሰን እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ድርጅቱ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ውሉ በከፊል ከተፈጸመ ግን ዳኛ ቅጣቱን መቀነስ ይችላል፤ የእርስዎ 15 ወር ተፈጽሟል። የእርስዎ ቅጣት ግን በቀሪው ወር ልክ እየቀነሰ ስለሚሄድ ይህ ክርክር ብዙ አያተርፍም። «የቀረውን ሁሉ» ካሉ ያኔ ያነሱታል። ለ7,600 ብር ፍርድ ቤት መመላለስ አይመከርም፤ መጀመሪያ ለድርጅቱ የጽሑፍ ቅሬታ አስገብተው ቁጥሩን ይያዙ፣ መልሱ ካልረካዎት በአዋጅ 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያቅርቡ። ያለ ቅሬታ ቁጥር ከሄዱ መልሰው ወደ ድርጅቱ ነው የሚልኩዎ።

ሰባታሚት

አንድ የቀረ፦ ራውተሩ ይመለስ ከተባለ አዳፕተሩ፣ ገመዱና ካርቶኑ ይቆጠራሉ። የጀርባውን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንስተው የርክክብ ወረቀት ላይ ያስጽፉ። ቀሪ ቅናሹን ከፍለው ራውተሩንም መልሱ ቢሉ ግን ይጠይቁ፤ ሒሳቡን ከፍለው ጨርሰውታልና ዕቃው የእርስዎ ሊሆን ይገባል። የሲም ቁጥሩ ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ ከመዘጋቱ በፊት ይቀይሩ፤ የተዘጋ ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሲጨርሱ «ከዕዳ ነፃ» የሚል ደብዳቤ ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ሲስተሙ ላይ ተዘግቷል ቢሉዎትም።