ቲዎሪ ለክሊኒካል ሶሻል ወርክ፦ መንገድ ያሳያል ወይስ ያስታል?

አወያይ፦ ሥራችን ክሊኒካል ሶሻል ወርክ፣ ማለትም የተቸገረን ሰው በምክርና በድጋፍ መርዳት ነው። ባለጉዳይ ፊት ስንቀመጥ ቲዎሪ ይጠቅመናል? ወይስ ክፍል ውስጥ ትተነው ብንመጣ ይሻላል? ሳትፈሩ ተናገሩ።

ነባሩ ሠራተኛ፦ እኔ እንተወው ባይ ነኝ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሲመጣ የሥነ-ልቦና ትንተና መሥራቹ ፍሮይድ ምን ይል ነበር ብዬ አላስብም። ለውጥ የሚያመጣው ግንኙነቱ ነው። መስማት፣ መታመን፣ ቃልን መጠበቅ። በቃ።

ተመራቂዋ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ለውጥ የሚያመጣው ግንኙነቱ ነው» ማለት ራሱ ቲዎሪ ነው። አሜሪካዊው የሥነ-ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ጽፎታል። ሳይፈርዱ መቀበልን፣ የሌላውን ስሜት መረዳትንና አለማስመሰልን ለለውጥ የግድ ናቸው ብሏል። ስሙን አልጠሩትም እንጂ እየሠሩበት ነው።

ነባሩ ሠራተኛ፦ እሺ ልጄ፣ ስም አወጣሽለት። ጉዳቱንስ? እ.ኤ.አ. በ1948 የሥነ-አእምሮ ሐኪሟ ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን «ስኪዞፍሬንያ አምጪ እናት» የሚል፣ ከባዱን የአእምሮ ሕመም በእናት የሚያሳብብ ሐሳብ ይዛ ብቅ አለች። ቀጥሎ የኦቲዝም መነሻ የእናት ቅዝቃዜ ነው ተባለ። ሁለቱም በኋላ ውድቅ ሆኑ። እስከዚያው ግን የስንት እናት አንገት ተደፋ! ልጇ ታሞባት እርዳታ ፍለጋ ስትመጣ፣ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ ተባለች።

የሆስፒታል ሠራተኛ፦ እኛ ጋ ደግሞ አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች አሉ፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል። የሥነ-አእምሮ ሐኪሟ ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈችው ሞት አፋፍ ላይ ስላሉ ሕሙማን ነበር። አሁን ላዘነ ሁሉ ይለጠፋል። ባሏ በሞተ በሳምንቱ ስቃ ያወራች ሴት ፋይል ላይ «መካድ ላይ ናት» ተብሎ አይቻለሁ። ምን እንዳሳቃት የጠየቀ የለም።

ሱፐርቫይዘር፦ ታዲያ ይኼ የቲዎሪ ጥፋት ነው ወይስ የጥድፊያ? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሕፃናት ማሳደጊያ የኖረ የአራት ዓመት ልጅ የማያውቀውን ሰው ሮጦ ያቅፋል፣ ጭኑ ላይ ይቀመጣል። ቲዎሪ የሌለው ሠራተኛ «እንዴት ያለ ተጫዋች ልጅ!» ብሎ ያልፋል። ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ስለሚፈጥረው ትስስር የሚናገረውን የቦልቢን የቁርኝት ቲዎሪ የሚያውቅ ግን ቆም ይላል። ይህ ልጅ ሲያመው ማንን ነው የሚፈልገው? ስንት አሳዳጊ ተፈራርቆበታል? መልሱን ገና አያውቅም፤ ጥያቄውን ግን አግኝቷል።

ደግሞ ከቀጠሮ የምትቀር ባለጉዳይ አለች። አንዱ ቲዎሪ «ተቃውሞ ነው፣ ሳታውቀው እርዳታውን እየሸሸች ነው» ይላል። ሰውን ከነአካባቢው የሚያየው ሥነ-ምህዳራዊ ቲዎሪ ደግሞ የሥራ ፈረቃዋን ጠይቁ ይላል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ነው አደገኛው።

ተመራቂዋ፦ እና ፋይሉ ላይ ምን እንጻፍ?

ሱፐርቫይዘር፦ ያየሽውን። «ሳቀች፤ ስለ ቀብሩ ስጠይቃት ወሬ ቀየረች» በይ። ግምትሽን ለብቻው፣ «ግምት» ብለሽ። ምን ብታዪ ግምቱን እንደምትሰርዢውም ጨምሪበት።

ነባሩ ሠራተኛ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ግን አንዱ ሳይወጣ ሌላው በሩ ላይ ነው። ለዚህ ሁሉ ማን ጊዜ ይሰጠናል?

ሱፐርቫይዘር፦ እሱን አለቆቻችንን እንጠይቅ። የቲዎሪ ጉዳይ አይደለም።