ሃይሉክስ ሸጬ ከባድ ፒክአፕ ልግዛ እንዴ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ ሰላም ወገን፣ ቤተሰብ ይዤ ላንጋኖ ምናምን የምወጣበት 2500 ኪሎ የሚሆን ካራቫን (ተጎታች ቤት) ልጎትት አስቤ ነበር፣ ሃይሉክሴ ወረቀቱ ላይ 3500 ይጎትታል ይላል ግን ሰዎች ከባዱን የፎርድ ፒክአፕ ኤፍ 250 ግዛ እያሉ አስጨነቁኝ፣ ምን ትላላችሁ?

ፒያሳ፦ ብሮ 3500ው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ዋናው ጣጣ ደግሞ መጎተቱ ሳይሆን ጭነቱ ነው፣ ከካራቫኑ ክብደት ከ10 እስከ 15 ፐርሰንቱ መንጠቆው ላይ ያርፋል፣ ያንተ እስከ 375 ኪሎ ማለት ነው፣ በዛ ላይ ሚስት ልጆች ጀነሬተር ስትጨምርበት ኋላው ቁጭ ይልና መሪው ይቀልልብሃል።

ጋሽ ሾፌር፦ ላንጋኖማ ይወስድሃል ልጄ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ስትወርድ ግን ፍሬኑ ይግላል፣ እዛ ጋ ነው ከባዱ ዲዝል ፒክአፕ በሞተር ፍሬኑ (ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ) ሃይሉክስን የሚበልጠው። ለማንኛውም የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ወዲህ ተከልክሏል፣ እዚህ ያለ ብታገኝም መለዋወጫውን አስብ። ሜክሲኮ አደባባይን ካራቫን ይዘህ ስትዞር ግን ማየት እፈልጋለሁ 😂

የካዛንቺስ ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ መጀመሪያ ጭኜ ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ።