ለሞተር ሥራ ቶርክ ሬንችና ቁልፍ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ቱሉ ዲምቱ ከአደባባዩ ገባ ብሎ ትንሽ ቦታ ተከራይቼ የራሴን ጋራዥ ልጀምር ነው፣ እስካሁን ሰው ጋ ተቀጥሬ በባለቤቱ እቃ ነበር የምሰራው ስለዚህ የራሴ የምለው ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ የእንግሊዝ ቁልፍ ነው በቃ። የሚመጣልኝ ሥራ በብዛት ቪትዝ ነው ባለ 2ኤንዜድ ሞተር፣ ከዛ የሚኒባስ ፋይቭ ኤል ዲዝል ሞተር፣ አንዳንዴ ኮሮላ። ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ፣ ጓርኒሲዮን (ከስሩ ያለውን ማሸጊያ) መቀየር፣ አልፎ አልፎ ሙሉ ሞተር።

መርካቶ ዞሬ ሁለት ነገር አየሁ። አንዱ 216 ፍሬ የሚል ትልቅ ሳጥን ሁሉም ነገር ያለው፣ ሌላው ለብቻው የሚሸጥ ባለ ግማሽ ኢንች ክሊክ ቶርክ ሬንች፣ የሞላህለት የማጥበቅ ልክ ላይ ሲደርስ ክሊክ የሚለው፣ ከ28 እስከ 210 ኒውተን ሜትር (የማጥበቅ ኃይል መለኪያ)። ሻጩ "ይሄ ሁሉንም ይሰራልሃል" ብሎ ማለ። በጀቴ ሁለቱንም አይችልም፣ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የእቃ ዋጋ ታውቁታላችሁ። ሳጥኑን ልግዛ ወይስ ቶርኩን? ቶርኩ ትክክል መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? የድሮ አለቃዬ በእጁ ነበር የሚያጠብቀው።

ሰበታ ጋራዥ
እንኳን ለዚህ አበቃህ ወንድሜ። ሳጥኑን ተወው። ከ216ቱ ውስጥ በቀን የምትነካው ሃያ አይሞላም፣ ቀሪው ቢት ምናምን ነው ቁጥሩን ለመሙላት የገባ። ለጃፓን መኪና 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 ካለህ አብዛኛውን ሥራ ጨረስክ፣ በነዚህ ቁጥሮች ሶኬት አጭርም ረጅምም ግዛ፣ ቀለበት ቁልፍም በነሱው ቁጥር፣ ራቼት፣ ኤክስቴንሽን፣ አንድ ረጅም እጀታ።

አሁን ወደ ቶርኩ ስንመጣ ሻጩ የነገረህ ልክ አይደለም። የኤንዜድ የቴስታታ ብሎን መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር ነው፣ ከዛ 90 ዲግሪ ታዞረዋለህ፣ ከዛ ሌላ 90 ዲግሪ። ያ ሬንች ከ28 ነው የሚጀምረው። ክሊክ ሬንች ደግሞ ከመጨረሻ አቅሙ 20 ፐርሰንት በታች ላይ ልኩ አይታመንም፣ የ210 ሃያ ፐርሰንት 42 ነው፣ እጀታው ላይ 28 ተብሎ መጻፉ እዛ ጋ በትክክል ይለካል ማለት አይደለም። ስለዚህ በጣም የምትፈልገው ቦታ ላይ ነው የሚከዳህ። የቢዬላ (የፒስተን ዘንግ) ካፕ 15 ነው ሲደመር 90 ዲግሪ፣ የኮሎው (የክራንክ ሻፍቱ) ካፕ 22 ሲደመር 90፣ አብዛኛው የካምሻፍት ካፕ 13፣ እነዚህን ጭራሽ አይነካቸውም። ግማሽ ኢንቹ የሚጠቅምህ ለኮሎው ፑሊ ብሎን (128) እና ለጎማ ዳዶ (103) ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ባለ 3/8 ኢንች ከ20 እስከ 110 የሆነውን እገዛለሁ፣ የኤንዜዱ ቴስታታ 29 አለ፣ የፋይቭ ኤሉ ቴስታታ 78 አለ፣ የጎማውም 103 አለ። ቀጥሎ ባለ 1/4 ከ5 እስከ 25። ግማሽ ኢንቹ መጨረሻ ይደርሳል።

ጋሽ ዲዝል
ልጆች እናንተ ደግሞ አበዛችሁት። እኛ በፊያት 124 እና በከባዱ ፊያት 682 ስንሰራ ቶርክ የሚባል ነገር ማን ያውቅ ነበር፣ እጅ ነው የሚያውቀው፣ ብሎኑ ራሱ ይነግርሃል። ብሩን ለጥሩ ቁልፍ አውለው ልጄ፣ መጥፎ ቁልፍ ጥሩ እጅ ያበላሻል።

የቃሊቲዋ
ጋሼ ቁልፉ ላይ ያሉት ልክ ነው፣ እጁ ላይ ግን አልስማማም፣ በአክብሮት። ያኔ የነበረው ቴስታታና ብሎን ሌላ ነው። የአሁኑ የቪትዝ ሞተር ሙሉ አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ደግሞ ተስቦ እንዲይዝ ነው የተሰራው፣ 29 ላይ ከደረሰ በኋላ በዲግሪ የሚዞረው ለዛ ነው። አንዱ ብሎን 29 ሌላው 40 ጀምሮ ሁለቱም 180 ዲግሪ ቢዞሩ መጨረሻው እኩል አይሆንም፣ ጓርኒሲዮኑ በአንድ በኩል ይላላና ከወር በኋላ መኪናው ውሃ እየጠጣ ይመጣልሃል። ደንበኛው ደግሞ ጓርኒሲዮኑን ነው የሚሰድበው፣ ቀጥሎ አንተን።

የዲግሪውን ሥራ በክሊክ ሬንቹ እንዳታደርገው ብቻ። 29ኙን በክሊክ አድርገህ አስቀምጠው፣ ከዛ በረጅም እጀታ ነው። እኔ የማደርገው፦ አስሩም ብሎን 29 ላይ ካለቀ በኋላ ጭንቅላታቸው ላይ ወደ መኪናው ፊት በሚያይበት በኩል ነጭ ቀለም እነካለሁ፣ ቀለም ከሌለ የጥፍር ቀለም ይሰራል፣ እህትህን ለምናት። የመጀመሪያው 90 ሲያልቅ ሁሉም ነጥብ ወደ ጎን ያያል፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ኋላ። ስልክ ቢደወልልህ እንኳ ተመልሰህ ስታየው የቱ እንደቀረ ነጥቡ ይነግርሃል። ከመሃል ጀምረህ ወደ ውጪ ነው የምታጠብቀው፣ ስትፈታ ግን ከዳር ወደ መሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይ ዘይት ከተጠራቀመ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። በአየር ንፋው። የብሎኑ ጥርስ ላይና ከጭንቅላቱ ስር ግን ቀጭን የሞተር ዘይት ይቀባል፣ ደረቅ ከሆነ ቶርኩ በሰበቃ ያልቅና ቴስታታው ሳይጨበጥ ክሊክ ይልልሃል።

ጋሽ ዲዝል
ይሄን የጥፍር ቀለም ወድጄዋለሁ ልጄ። ፊያቱን ግን አትንኪብኝ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ
ሃሃ ጋሼ ክበሩልኝ። እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ዋናው ጥያቄዬ እዛው ነው፣ አዲስ የምገዛው ክሊክ ልክ መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ወረቀት አብሮት አለው፣ ወረቀቱ ግን ፎቶ ኮፒ ይመስላል።

ማሽን ሾፕ ገላን
ወረቀቱ ላይ የምታየው ሁለት ነገር ነው፣ ሬንቹ ላይ የተቀረጸው ሴሪያል ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን፣ እና በየስንት ኒውተን ሜትሩ ምን እንዳነበበ የሚያሳይ ሠንጠረዥ መኖሩን። ሁሉም ሬንች ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው። ጥሩ ክሊክ ሬንች ከልኩ 4 ፐርሰንት ወደላይ ወይ ወደታች ነው የሚፈቀድለት፣ በዓመት አንዴ ወይም 5000 ጊዜ ከሰራ በኋላ ደግሞ ይፈተሻል።

በራስህ መሞከር ከፈለግክ ሞርሳ፣ ሜትር፣ የሱቅ ሚዛንና ቢጫ ጀሪካን ይበቃሃል። ጀሪካኑን በውሃ ሞልተህ ሚዛን ላይ ራሱ ጀሪካኑ ጭምር 20 ኪሎ እስኪሆን ድረስ ቀንስለት። የሬንቹን አራት ማዕዘን ጫፍ ሞርሳ ላይ እሰረው፣ እጀታው ከመሬት ጋር አግድም ይሁን፣ በሚያጠብቅበት አቅጣጫ። ከአራት ማዕዘኑ መሃል እስከ እጀታው መሃል ለካ፣ ግማሽ ኢንቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ 40 ሳንቲ ነው፣ እዛ ጋ ነው ገመዱን የምታስረው፣ ጫፉ ላይ አይደለም ምክንያቱም እጅህ የሚይዘው መሃሉን ነው። 20 ኪሎ በ40 ሳንቲ ማለት 8 ኪሎግራም ሜትር ነው፣ ወደ 78 ኒውተን ሜትር። የፋይቭ ኤሉ የቴስታታ ቁጥር በአጋጣሚ! የሬንቹ የራሱ ክብደትም ወደ ሦስት ኒውተን ሜትር ይጨምራል አስበው። ጀሪካኑን በእጅህ ደግፈህ ቀስ ብለህ ልቀቀው፣ ከወረወርከው ሁሌም ክሊክ ይላል። መጀመሪያ 70 ላይ አድርገህ ሞክር፣ ክሊክ ማለት አለበት፣ ከዛ በትንሽ በትንሹ ከፍ እያደረግክ ክሊክ የማይልበትን ቦታ ፈልግ፣ ያ ቦታ ከ78 እስከ 85 መሃል ከሆነ አትጨነቅ። 95 ላይም ክሊክ የሚል ከሆነ ወይ 65 ላይ እንቢ ካለ ለሻጩ መልስለት። ባለ 3/8ቱ አጭር ስለሆነ ለምሳሌ 30 ሳንቲ ቢሆን 59 ይመጣልሃል፣ ሒሳቡ ያው ነው።

ይሄ የቤት ፈተና ነው ልኬት አይደለም። በወረቀት የተረጋገጠ ከፈለግክ የመንግሥት የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አለ፣ ካሊብሬሽን ይሰራሉ፣ ቶርክ ይቀበሉ እንደሆነ ቀድመህ ደውልና ጠይቅ።

ከክሊክ ይልቅ ጠቋሚ ዘንግ ያለው አለ፣ ስትጎትተው የሚታጠፍ። ስፕሪንግ የለውም፣ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ ጠቋሚው ዜሮ ላይ ካልቆመ በእጅህ ትመልሰዋለህ አለቀ። ጠባብ ቦታ ለማንበብ ያስቸግራል እንጂ ለጀማሪ ጋራዥ ካገኘኸው አትለፈው።

ሰበታ ጋራዥ
ሥራ ስትጨርስ ክሊኩን ወደ ታችኛው ቁጥር መልሰህ አስቀምጥ፣ ዜሮ ለማድረግ ብለህ ግን ከስኬሉ በታች አትፍታው። ደግሞ ጥብቅ ብሎን መፍቻ አይደለም! ረዳቱ ረጅም እጀታ ሲያጣ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው እሱ ላይ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፍበት። ስታጠብቅም አንዴ ክሊክ ካለ በቃ፣ "ለማረጋገጥ" ተብሎ ሦስቴ የሚደረገው ነገር በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል።

ስኬሉንም እይ፣ ብዙዎቹ ላይ በአንድ በኩል ኒውተን ሜትር በሌላ በኩል ፉት ፓውንድ አለ። 78ን በፉት ፓውንዱ ላይ ብታደርገው 106 ኒውተን ሜትር ነው የምትሰጠው።

ምናለሽ ተራ አዘውታሪ
ስለ ብራንድ ማንም አላወራም እኔ ልበል። ቁልፍ ላይ ክሮም ቫናዲየም ተብሎ መቀረጹ ምንም አይነግርህም፣ ማንም ይቀርጸዋል። ሱቅ ስትሄድ አዲስ ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 14 ብሎን ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ሶኬቱ ውስጥ ክተተው፣ ግራ ቀኝ ስታዞረው የሚወዛወዝ ከሆነ መልሰው። ባለ 6 ማዕዘኑን ግዛ ባለ 12 ማዕዘኑን ተው፣ ባለ 12ቱ የዛገ ብሎን ላይ ጥጉን ይበላዋል። ራቼቱን ጆሮህ ጋ አድርገህ አዙረው፣ ባለ 72 ጥርስ ከሆነ በየ5 ዲግሪው ይይዛል፣ ባለ 24 ጥርሱ ግን 15 ዲግሪ ቦታ ይፈልጋል ቪትዝ ውስጥ ደግሞ ያ ቦታ የለም።

አዲስ ከሆነ የታይዋኖቹ ኪንግ ቶኒና ቶፕቱል በቂ ናቸው፣ ኬቲሲና ኮከን የጃፓን ናቸው ከተገኙ። ኢንግኮና ቶታል ለመዶሻ፣ ለክሪክ፣ ለሞርሳ እሺ፣ ለየቀኑ ባለ 10 ሶኬት ግን ትንሽ ጨምር። ያገለገለ ከሆነ ምናለሽ ተራ ጠዋት ሂድ፣ የጀርመን ጌዶሬ ወይ ሃዜት ቀለበት ቁልፍ ካገኘህ ዝገቱን አትፍራው፣ አፉ ያልተከፈተና ያልተበየደ መሆኑን ብቻ እይ። ያገለገለ ክሊክ ቶርክ ግን አልገዛም፣ ስፕሪንጉ ምን እንዳየ አይታወቅም።

የአየር መፍቻ ካለህ ጥቁሩን ሶኬት ነው የምትጠቀመው፣ የሚያብለጨልጨው ይፈነዳና ዓይንህ ላይ ይመጣል።

ደግሞ የኤንዜድ ቴስታታ ብሎን ውስጡ ባለ 12 ጥርስ ቢት ነው የሚገባበት፣ ከጀርመኑ ስፕላይን ጋር ይመሳሰላል ግን አንድ አይደለም፣ ሻጩ "ይገባል" ካለህ ይገባል ከዛ ያንሸራትትሃል። ያረጀ ብሎን ይዘህ ሶማሌ ተራ ሂድና እዛው ሞክረው።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እንግዲህ 3/8ቱን እና የስድስቱን ቁጥር ሶኬት በመጀመሪያው ዙር፣ ትንሹን ቶርክ የመጀመሪያው ሙሉ ሞተር ሲመጣ። ነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ስለቆመ ያሉት ሞተሮች ደጋግመው ወደ ጋራዥ ነው የሚመጡት መቼም። አንድ የመጨረሻ፣ ሶኬት በማይገባበት ቦታ የቁራ እግር የሚመስለውን ክፍት አፍ ቶርክ ሬንቹ ጫፍ ላይ ስሰካ ቁጥሩ ይቀየራል ይባላል፣ እውነት ነው? ኤክስቴንሽንስ?

የቃሊቲዋ
ቀጥ ያለ ኤክስቴንሽን ምንም አይቀይርም። ያ አፍ ግን ሬንቹን ስለሚያስረዝመው ይቀይራል። በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ከሰካኸው ቁጥሩ ያው ነው፣ ሁሌ እንደዛ ለማድረግ ሞክር። ቦታ አጥተህ ወደ ፊት ቀጥ አድርገህ ከሰካኸው ሒሳብ አለው፦ ሬንቹ እስከ እጀታው መሃል 40 ሳንቲ ቢሆን፣ አፉ 5 ሳንቲ ቢጨምር፣ የምትፈልገውን በ40 ታባዛና ለ45 ታካፍላለህ። 45 ከፈለግክ 40 ላይ ታስቀምጠዋለህ ማለት ነው። እጀታው ላይ ቱቦ መሰካት ግን የለም፣ ከባለ 3/8ቱ ጋ ደግሞ ጭራሽ።