አስከሬኑ ባሕር ማዶ ለቀረ ልጅ አውስትራሊያውያን እንዴት አለቀሱ?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በበላያ ተራራ በኩል ጎጃም በገቡበት ዘመቻ፣ ከእንግሊዞቹ ጋር ጥቂት አውስትራሊያውያን እንደነበሩ ለተማሪዎቼ ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ «አገራቸው ያን ያህል ሩቅ ከሆነ የሞተባቸውን ለቅሶ እንዴት ተቀመጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኛ ዘንድ አርበኛ ሲወድቅ አስከሬኑ ከተገኘ በደብሩ ግቢ ያርፋል፤ ካልተገኘም ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው ላይ ወጥቶ ሙሾ ይወርድበታል፤ ተዝካሩም ይወጣል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ልጆቻቸውን ወደ ውቅያኖስ ማዶ የሸኙት አውስትራሊያውያን ምን አደረጉ? የምታውቁ ብትጽፉልኝ ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ።

መልስ፦ አባይ ዳር

መምህር፣ ተማሪዎ የጦርነቱን ዋና ቁስል ነክታዋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውስትራሊያ ሕዝብ 5 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከ416 ሺህ በላይ ሰው ለጦሩ ተመዘገበ፣ 60 ሺህ ያህሉም ሞተ። የእንግሊዝ መንግሥት ገና በ1915 እ.ኤ.አ. አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ ስለወሰነ፣ በቱርክ ባሕር ዳርቻ ጋሊፖሊ የወደቀው ጋሊፖሊ፣ ፈረንሳይ የወደቀውም ፈረንሳይ ቀረ። በጋሊፖሊ ቆስለው የሞቱት ጄኔራል ዊልያም ብሪጅስ ተመልሰው ካንቤራ ተቀብረዋል፤ ከእሳቸው ሌላ ስሙ ያልታወቀ አንድ ወታደር በ1993 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ መቃብር ወጥቶ እዚያው ካንቤራ አርፏል። ከቀሩት እናቶች አብዛኞቹ የልጃቸውን መቃብር በዓይናቸው ሳያዩ ሞቱ።

መርዶ የመንገሩ ሸክም የወደቀው በአጥቢያው ካህን ላይ ነበር፤ የሞቱ ወሬ በእሱ እጅ ይደርስ ስለነበረ፣ ካህኑ ባልተለመደ ሰዓት በመንደሩ መንገድ ብቅ ሲል ልጅ የላከ ቤት ሁሉ ወደ ማን እንደሚታጠፍ በጭንቀት ይጠብቅ ነበር። መርዶ ነጋሪዎች ማለዳ በር ሲያንኳኩ የሚሰማውን ለሚያውቅ ለጎጃም ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። «ጠፋ» የሚል ወሬ ብቻ የደረሳቸው ደግሞ ሞተ ብለው ማልቀስም፣ አለ ብለው መጽናናትም አልቻሉም። ለእነዚህ ቬራ ዲኪን የተባለች የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ በ1915 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ የቀይ መስቀል መረጃ ቢሮ ከፍታ፣ በየሆስፒታሉ ካሉ ቁስለኞች «በመጨረሻ ያየኸው የት ነው?» እየተባለ የተጠየቀውን ለቤተሰቦች ታስጽፍላቸው ነበር።

ተዝካሩን የተካው የድንጋይ ሐውልት ይመስለኛል። ትንሽ የገጠር ከተማ እንኳ የዘማቾቿን ስም የቀረጸችበት ሐውልት አላት፤ በብዙዎቹም ላይ የሞቱት ብቻ ሳይሆኑ በሕይወት የተመለሱትም ተጽፈዋል። ምክንያቱም ባሕር ማዶ የዘመተው ሁሉ በፈቃዱ የሄደ ነበር፤ መንግሥት በ1916ና በ1917 እ.ኤ.አ. የግዳጅ ምልመላን ለሕዝበ ውሳኔ ቢያቀርብም ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለ። በዚያ ክርክር ጎረቤት ከጎረቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን ተጣልቷል፤ ያልሄደው ሰው ስምም ከድንጋዩ ላይ በመታጣቱ ይታወቅ ነበር።

መልስ፦ ከቡሬ

ስለ 1933ቱ ዘመቻ ልጨምር። ከአውስትራሊያ ጦር የመጡት አምስት ነበሩ፤ አንድ መኮንን፣ አለን ብራውን የሚባል፣ እና አራት ሳጅኖች። ሥራቸው ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያንን እየመሩ ከአርበኞች ጋር መዋጋትና ማሠልጠን ነበር። መሣሪያውና የማርትሬዛው ብር በግመል ተጭኖ ከሱዳን ሲመጣ አብዛኞቹ ግመሎች በመንገድ አለቁ። ጣልያን ቡሬን የካቲት 25 ለቀቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ወደ አውስትራሊያ ራሷ ደረሰ። የካቲት 19 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. የጃፓን አውሮፕላኖች ዳርዊን ወደብን ደብድበው ከ230 በላይ ሰው ገደሉ። ሻይ፣ ስኳር፣ ቅቤና ልብስ በኩፖን ሆነ፤ ሴቶች ወደ እርሻና ወደ ፋብሪካ ገቡ። ከሁሉ የከፋው ግን የምርኮኞቹ ነው፤ ጃፓን ከ22 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያንን ማርካ 8 ሺህ ያህሉ በረሃብ፣ በበሽታና በግፍ ሥራ ሞቱ፣ ቤተሰባቸውም ለዓመታት ቁርጡን ሳያውቅ ኖረ። በዚያው ጊዜ በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ ብዙ ሺህ የጣልያን ወታደሮች ወደ አውስትራሊያ ተወስደው፣ ገበሬ ቤት እያደሩ የዘማቹን ልጅ ሥራ ይሠሩ ነበር። ለእኛ ጣልያን ማለት ቤት አቃጣይ ስለነበረ፣ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ማመን ቸግሮኝ ነበር።

መልስ፦ ከሞጣ

መምህር፣ በአንድ ነገር ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። አስከሬን አለማግኘት የአውስትራሊያውያን ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው እስከ ሽሬ ዘምተዋል፤ ጦሩ ወደ ተከዜ ሲያፈገፍግ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተደበደበ፣ ከዚያ የቀሩትን ማን ቀበራቸው? ልዩነቱ የእነሱ ስም በየከተማው ተጽፎ መገኘቱ ነው፤ የእኛዎቹ ግን በየቤቱ ትዝታ ቀርተዋል፣ ያን የሚያስታውሱትም እያረፉ ነው። ተማሪዎችዎ ከየአጥቢያቸው ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደው ከሽሬ ያልተመለሱትን ስም፣ ከነአባታቸውና ከነደብራቸው ቢመዘግቡ መልካም ነው። እዚህ ብትለጥፉት እኔ የሞጣን ወገን እጨምራለሁ።